ጭብጨባ ዳኛ ሲሆን፦ በራፕ ግጥሚያ መድረክ ላይ አሸናፊውን ማን ይመርጠዋል?

የራፕ ነገር ሲነሳ ብዙዎቻችን፣ በተለይም ከአገር ቤት ጎልምሰን የወጣን ሰዎች፣ ፊታችንን እናዞራለን። ስድብ ነው፣ ጩኸት ነው፣ ልጆቻችንን የሚያባልግ ነው ብለን በሩን እንዘጋለን። ይህ ጽሑፍ ራፕን ለማወደስም ሆነ ለመኮነን የተነሳ አይደለም። የእኔ ጥያቄ ከዚያ የጠበበ ነው። ሁለት ሰዎች መድረክ ላይ ፊት ለፊት ቆመው፣ ወረቀት ሳይዙ፣ በቅጽበት በሚፈጥሩት ግጥም ሲሞሻለቁ አሸናፊውን የሚለየው ምንድን ነው? የተሻለው ግጥም ነው ወይስ የታዳሚው ሆታ?

የደረስኩበትን መልስ አስቀድሜ ልናገር። በእኔ እምነት ታዳሚው ዳኛ ብቻ አይደለም፤ ሦስተኛው ተፋላሚ ነው። ፍርዱንም የሚሰጠው መጨረሻ ላይ እጁን ሲያወጣ ወይም ሲጮኽ አይደለም። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ስንኞች ጀምሮ ይሰጣል፤ የሰጠው ፍርድም ተመልሶ ቀጥሎ የሚመጣውን ግጥም ይሠራዋል ወይም ያበላሸዋል። ይህን ሳይረዱ "እገሌ ከእገሌ ይበልጣል" ማለት ሚዛኑን ሳይመረምሩ በክብደቱ መማል ነው።

ነገሩ ለማይታወቀው አንባቢ ጥቂት ላስረዳ (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሂፕ ሆፕ የተወለደበት ቀን ተብሎ የሚከበረው ነሐሴ ወር 1973 በ11ኛው ቀን፣ ኒውዮርክ ብሮንክስ ውስጥ በ1520 ሴጅዊክ አቬኑ ዲጄ ኩል ሄርክ ሙዚቃ ያጫወተበት የወጣቶች ጭፈራ ነው። ማይክሮፎን የያዘው ሰው፣ ማለትም ኤምሲው፣ መጀመሪያ የተሰጠው ሥራ ጨፋሪውን ማሞቅ ነበር። ግጥሙ ረዝሞና ረቅቆ ራሱን የቻለ ጥበብ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ታዳሚው በጥበቡ ላይ የተጨመረ ጌጥ አይደለም፤ ጥበቡ የተፈጠረው እሱን ለማንቀሳቀስ ነው። በፍሪስታይል ግጥሚያ ደግሞ ሁለት ራፐሮች በተወሰነ ጊዜ እየተፈራረቁ በሙዚቃ ምት ላይ ይገጥማሉ፤ በመጨረሻም የመድረኩ መሪ በእያንዳንዳቸው ራስ ላይ እጁን ዘርግቶ ታዳሚውን ይጠይቃል። የበለጠ የተጮኸለት ያሸንፋል።

የማሞቅ ሥራና የግጥም ጥበብ ፊት ለፊት የተጋጩበት ምሽት አለ። በታኅሣሥ 1981 ሃርለም ውስጥ፣ ሃርለም ወርልድ በሚባለው ክለብ ቢዚ ቢ እና ኩል ሞ ዲ የገጠሙበት ምሽት ነው። ቢዚ ቢ ሕዝብን በማሞቅ የሚደርስበት አልነበረም፤ አዳራሹን ሆ ያሰኛል፣ ያስቃል፣ ያስጨፍራል። የትሬቸረስ ስሪ አባል የነበረው ኩል ሞ ዲ ግን ይህንኑ ጥንካሬውን ድክመት አድርጎ አወጣበት። አጨብጫቢ ማብዛት ገጣሚ አያደርግም፣ አንተ ጨፋሪ አሳማሪ እንጂ ባለቅኔ አይደለህም በሚል መንፈስ እየተነተነ መታው። የራፕን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ምሽት የሚያነሱት ጥበቡን ከሆታ ወደ ስንኝ አሻገረው እያሉ ነው። እውነት አላቸው፤ ግን ልብ ማለት የሚገባን አንድ ነገር አለ። ኩል ሞ ዲ ሆታን የነቀፈው በሆታ ታጅቦ ነበር! ታዳሚው "በጭብጨባ አትታለሉ" የሚለውን ሰው በጭብጨባ አነገሠው። ከዚያ ምሽት ጀምሮ የታዳሚው ጣዕም ተለወጠ እንጂ ሥልጣኑ አልተቀነሰም።

ለመሆኑ ይህ ሥልጣን የሚሠራው እንዴት ነው? እኔ ሦስት መንገዶች ይታዩኛል።

አንደኛው ተራ ነው። ብዙ ጊዜ ሳንቲም ተወርውሮ ማን እንደሚቀድም ይለያል። ቀድሞ የሚገባ ሰው የሚናገረው ለቀዘቀዘ ቤት ነው፤ እሳቱን ራሱ መጫር አለበት። ሁለተኛ የሚገባው በተጫረው እሳት ላይ ይደርሳል፤ ባላንጣው አሁን የተናገረውንም አንስቶ መልሶ ሊወረውርበት ይችላል። ታዳሚው ደግሞ ከምንም በላይ የሚወደው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም መልሱ ከቤት ተሸምድዶ እንዳልመጣ ምስክር ነው። አማካይ የሆነ የመልስ ስንኝ ከግሩም ዝግጁ ስንኝ ይልቅ ቤቱን ሲያናውጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። ይህ ግለት የምንለውን ነገር የሚፈታ ይመስለኛል። አንድ ራፐር ኃይለኛ ስንኝ ሲያሳርፍና አዳራሹ ሲደበላለቅ ምን ይሆናል? ንግግሩን ለጥቂት ሰከንድ ያቆማል። ከውጭ ሲታይ ክብሩን እየተቀበለ ነው፤ ከውስጥ ግን የሚቀጥለውን ቤት መምቻ እየፈለገ ነው። ጩኸቱ ሙገሳ ብቻ ሳይሆን የማሰቢያ ጊዜ ብድር ነው። ያልተጮኸለት ሰው ግን ይህ ብድር አይሰጠውም፤ ምቱ አይጠብቀውም፣ ሰዓቱም ይሮጣል። የተጮኸለት የተሻለ ያስባል፣ የተሻለ ያሰበ እንደገና ይጮኽለታል። ሀብት በሀብታም ላይ እንደሚጨመር ማለት ነው። በመጀመሪያው ዙር የነበረ የአንዲት ስንኝ ልዩነት በሦስተኛው ዙር የሰማይና የምድር ልዩነት መስሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው የድምፁ ጠባይ ነው። ጩኸት የሰውን ቁጥር አይለካም፤ የጉሮሮን ብርታት እንጂ። ከፊት የተሰለፉ ሃያ ጓደኞች ከኋላ ቆመው ራሳቸውን ከሚነቀንቁ መቶ ሰዎች በላይ ይሰማሉ። ከዚህም በላይ ድንገተኛ ስድብ ያስጮኻል፤ ጥልቅ ሐሳብ ግን ዝም ያሰኛል። የተገረመ ሰው ይጮኻል፣ የተመሰጠ ሰው ያዳምጣል፤ መለኪያው ጩኸት ከሆነ የተመሰጠው ሰው ድምፅ አልሰጠም ማለት ነው። ሰው ደግሞ በሰው ይስቃል። ጎረቤቱ ሲደነቅ ያልገባው ሁሉ አብሮ ይደነቃል።

ስለ ማሰቢያ ጊዜ ያነሳሁት ነገር ከአእምሮ ሳይንስም የሚደግፈው አለው። በ2012 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ተመራማሪዎች አሥራ ሁለት የፍሪስታይል ራፐሮችን በአእምሮ ማንሻ መሣሪያ ውስጥ አስተኝተው፣ አንድ ጊዜ የሸመደዱትን ሌላ ጊዜ በቅጽበት የሚፈጥሩትን እንዲሉ አድርገው አነጻጽረዋል። በቅጽበት ሲፈጥሩ ከተነሳሽነት ጋር የተያያዘው የፊተኛው አእምሮ መካከለኛ ክፍል ይበልጥ ሲነቃ፣ ራስን የሚቆጣጠረውና የሚያርመው የጎን ክፍል ደግሞ ይቀዘቅዛል። ሰውየው ለጊዜው ዘበኛውን አሰናብቶ ነው የሚገጥመው ማለት ነው። በመሣሪያው ውስጥ ግን ታዳሚ አልነበረም። ከዚህ ተነስቼ እኔ የምገምተው ይህን ነው፦ አዳራሹ ጸጥ ሲል የተሰናበተው ዘበኛ ተመልሶ ይመጣል። ራፐሩ ራሱን መስማት ይጀምራል፣ "አልወደዱትም" ይላል በሆዱ፣ ከዚያም ምላሱ ይተሳሰራል። ሆታው የሚያደርገው ትልቁ ነገር ይህን ዘበኛ ከደጅ ማቆየት ነው።

ይህን ሁሉ ለብዙኃኑ ያሳየው በ2002 የወጣው፣ ከርቲስ ሃንሰን ያዘጋጀውና ኤሚነም የተወነበት "ኤይት ማይል" የተባለው ፊልም ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በ1995 ዲትሮይት ውስጥ ነው። ፊልሙ ሲጀምር ራቢት የተባለው ወጣት መድረክ ላይ ወጥቶ አንዲት ቃል ሳይናገር ይወርዳል፤ ታዳሚው ይጮኽበታል። በመጨረሻው ግጥሚያ ግን ፓፓ ዶክ ከተባለው ባላንጣው ቀድሞ ይገባና ነውሩን ሁሉ ራሱ ይዘረዝራል። ድሃ ነጭ መሆኑን፣ ከእናቱ ጋር በተጎታች ቤት መኖሩን፣ ጓደኛው በገዛ ሽጉጡ እግሩን መምታቱን፣ በእነዚያው ሰዎች መደብደቡን። ጩኸቴን ቀሙኝ እንደሚባለው፣ ለባላንጣው የሚናገረው አላስቀረለትም። ፓፓ ዶክ ማይክሮፎኑን ይዞ፣ ሙዚቃው እየሄደ፣ ዝም ብሎ ይቆማል።

ሁሉም ሰው ከዚህ ትዕይንት የሚያስታውሰው ኑዛዜውን ነው። እኔ ግን ከኑዛዜው በፊት ለተደረገው ነገር የበለጠ ዋጋ እሰጣለሁ። ራቢት ግጥሙን የሚጀምረው ታዳሚውን በዲትሮይት የስልክ ኮድ ጠርቶ እጁን እንዲያነሳ በማድረግ ነው። አዳራሹ በሙሉ እጁን ሲያነሳ፣ እጁን ያላነሳው ፓፓ ዶክ ብቻ መሆኑን ጠቁሞ ያሳያል። በአንድ እንቅስቃሴ አዳራሹን "እኛ" አደረገው፣ ባላንጣውን ደግሞ ከ"እኛ" አስወጣው። ቀጥሎም ፓፓ ዶክ በግል ትምህርት ቤት የተማረ፣ እናትና አባቱ በሰላም አብረው የሚኖሩ ልጅ መሆኑን ያጋልጣል። እስቲ እናስብ፤ ጥሩ ትምህርት ቤት መማርና በሰላም ቤት ማደግ በየትኛው ሚዛን ነው ነውር የሚሆነው? በዚያ አዳራሽ፣ በዚያ ታዳሚ ፊት ብቻ ነው። ያው ስንኝ በግል ትምህርት ቤት ተማሪዎች ፊት ቢባል አንድም ሰው አይጮኽለትም። ፊልሙ "እውነት አሸነፈች" ይለናል፤ የሚያሳየን ግን ታዳሚውን ያወቀ ሰው ማሸነፉን ነው።

ደግሞም በፊልም ውስጥ ያለ ታዳሚ የሚጮኸው ደራሲው ጩኽ ባለው ጊዜ ነው። የኤሚነም እውነተኛ ሕይወት ግን እንደዚያ አልነበረም። በ1997 ሲንሲናቲ በተደረገው ስክሪብል ጃም በተባለው ውድድር በቺካጎው ጁስ ተሸነፈ። በዚያው ዓመት ሎስ አንጀለስ በተደረገው ራፕ ኦሊምፒክስም ሁለተኛ ነው የወጣው። በዓለም ላይ ስለ ግጥሚያ ከሁሉ በላይ የታወቀውን ፊልም የሠራው ሰው በአንድ ዓመት ሁለት ትልልቅ ግጥሚያዎች አምልጠውታል። ቀረጻው ዶክተር ድሬ ጆሮ የደረሰውና ዕድሉ የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። የምሽቱ ፍርድና የዘመኑ ፍርድ አንድ ላይሆኑ እንደሚችሉ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም። ይህን ስል ጁስ ማሸነፍ አልነበረበትም ማለቴ አይደለም። ያ ምሽት የጠየቀው ሌላ፣ ስቱዲዮ የጠየቀው ሌላ ነበር።

ለእኛ ለስደተኞች ቀረብ የሚለው ግን የጂን ታሪክ ነው። ጂን ማያሚ ውስጥ ከሆንግ ኮንግ ከመጡ ቻይናውያን ወላጆች የተወለደ ልጅ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቤት በተባለው የጥቁር አሜሪካውያን ቴሌቪዥን በየዓርቡ ይቀርብ በነበረው የፍሪስታይል ውድድር ሰባት ሳምንት ተከታትሎ አሸነፈ፤ ራፍ ራይደርስ ከተባለው የሙዚቃ ኩባንያም ጋር ፈረመ። ባላንጣዎቹ ምን ይሉት እንደነበር መገመት አያስቸግርም። ዓይኑን፣ ምግቡን፣ ዘሩን። ለምን? ምክንያቱም ይህ ታዳሚን ለማስጮኽ እጅግ ርካሹና እጅግ ቅርቡ መንገድ ነበር። የጂን ብልሃት የሚመታበትን ቦታ አስቀድሞ ማወቁ ነው። መጻተኛ የሆነ ሰው አንድ ጥቅም አለው፤ ስድቡ ከየት እንደሚመጣ ከልጅነቱ ያውቀዋል። ቻይናዊነቱን ሳይደብቅ፣ ይልቁንም ራሱ አንስቶ፣ የሳቁን አቅጣጫ ወደ ተሳዳቢው ያዞረው ነበር። ሆኖም ድሉ ዋጋ እንዳስከፈለው አይሰወረኝም። ታዳሚው በየሳምንቱ የጠየቀው ያንኑ አንድ ርዕስ ነው። ያነገሠው ሕዝብ ራሱ በአንድ ክፍል ቆልፎበታል ማለት ይቻላል። ስማቸውን በትክክል መጥራት በማይችሉ ልጆች መካከል የሚያድጉ የእኛ ልጆች ይህን ሒሳብ ከእኛ በላይ ያውቁታል፤ ካፌቴሪያ ውስጥ በስማቸው ሲቀለድ ቀድመው በራሳቸው ቀልደው የሚተርፉ ስንቶች ናቸው?

ወደ እኛ ወግ ከመጣሁ አይቀር አንድ ነገር ላንሳ። ራፕን መጀመሪያ የፈጠርነው እኛ ነን የሚል ተረት ለማውራት አይደለም። ነገር ግን በታዳሚ ፊት በቅጽበት መግጠም ምን እንደሆነ የምናውቅ ሕዝብ ነን፤ ታዳሚም ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ከወጋችን መማር እንችላለን። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔ ሲዘርፍ የሚያዳምጡት መምህሩና ሊቃውንቱ ናቸው፤ ሰሙና ወርቁ ሲገጥም "ይበል" ይላሉ። ዛሬ ለማንኛውም መልካም ነገር "ይበል የሚያሰኝ" የምንለው ከዚያ ተነስተን ነው። ይህ የሠለጠነ ጆሮ ነው፤ ቆይቶ የሚፈታ ምሥጢር ይጠብቃል። በበልሃ ልበልሃ ሙግት ደግሞ ተሟጋቹ በተዋበ አነጋገር ሲከራከር ዙሪያውን የቆመው ሰው ቢደመምም፣ ፍርዱን የሚሰጥ ዳኛ ለብቻው ተሰይሟል። በአዝማሪ ቤት ታዳሚው ራሱ "ተቀበል" ብሎ ስንኝ ያቀብላል፤ ተባባሪ ደራሲ ነው። የራፕ ግጥሚያ ታዳሚ እነዚህን ሦስቱን በአንድ ላይ ደርቦ ይዟል፤ ያዳምጣል፣ ያቀብላል፣ ይፈርዳል። ችግሩም ክብሩም ከዚህ ይመነጫል። ወርቁ ዘግይቶ የሚገለጥ ስንኝ በቅኔ ቤት ታላቅ ነው፤ በራፕ መድረክ ግን ታዳሚው እስኪደርስበት ቀጣዩ ስንኝ ይመጣና ይሸፍነዋል። ብልህ ራፐር ስለዚህ ከእንዲህ ያለ ስንኝ በኋላ ሆን ብሎ ፋታ ይሰጣል።

የሆታውን ሥልጣን ለመገደብ የተሞከረባቸው መንገዶችም አሉ። በ2008 በቶሮንቶ ኪንግ ኦቭ ዘ ዶት፣ በእንግሊዝ ዶንት ፍሎፕ፣ በ2009 ደግሞ በኒውዮርክ ዩ አር ኤል የተባሉ የግጥሚያ ማኅበሮች ተቋቋሙ። እነዚህ ሙዚቃውን አስቀርተው፣ ግጥሙን አስቀድሞ አስጽፈው፣ ዙሩን ወስነው ማጋጠም ጀመሩ። ነገር ግን ቅጽበታዊነቱ ሲቀር ሆታው አልቀረም። ይልቁንም ሁለት ፍርድ ተፈጠረ፤ አንዱ በአዳራሹ የነበረው ሰው የሚሰጠው፣ ሌላው ቤቱ ተቀምጦ በቪዲዮ ያየው የሚሰጠው። ሁለቱ አንድን ግጥሚያ አይተው በአሸናፊው ሲለያዩ መስማት የተለመደ ነው።

በስፓኝ ቋንቋ ተናጋሪዎች ዘንድ ከ2005 ጀምሮ የሚካሄደው ባታያ የተባለው የሬድ ቡል የፍሪስታይል ውድድር ደግሞ ፍርዱን ለዳኞች ሰጥቷል፤ ዳኞቹ መለየት ሲያቅታቸው ተጨማሪ ዙር ያዛሉ። በ2017 የዓለም ፍጻሜው ሜክሲኮ ሲቲ ሲደረግ የሜክሲኮው አክሲኖ፣ በ2018 ቦነስ አይረስ ሲደረግ የአርጀንቲናው ዎስ አሸነፉ። ሁለቱም ብርቱዎች ናቸው፤ አክሲኖም በ2021 ቺሊ ድረስ ሄዶ አሸንፏል። ስለዚህ "ባለአገሩ ሁሌ ያሸንፋል" የሚል ድምዳሜ አልሰጥም። ግን ዳኛውም ጆሮ አለው፤ በዚያው ጩኸት መካከል ተቀምጧል። ራፐሩም በዚያው ጩኸት እየታገዘ ወይም እየታፈነ ነው የሚገጥመው። ዳኛው ነጥቡን ከጩኸት ነፃ ቢያደርግ እንኳ ነጥብ የሚሰጠው ጩኸት ለሠራው ግጥም ነው።

ታዲያ ግጥሚያውን ከወረቀት ላይ አንብበን እንፍረድ? እኔ ሞክሬዋለሁ፤ አያስኬድም። አዳራሽ ያናወጠ ስንኝ ወረቀት ላይ ሲነበብ ብዙ ጊዜ ተራ ነገር ነው። ይህም ታዳሚው ተታልሏል ማለት አይደለም። ወረቀት የማይዘው እውነተኛ ነገር አለ፤ ድፍረቱ፣ ፋታው፣ ዓይኑን ከባላንጣው አለመንቀሉ፣ ከሰከንዶች በፊት የተነገረን ነገር መያዙ። ሆታው እነዚህን በሚገባ ይለካል። የማይለካው ሐሳቡ ትክክል መሆኑን፣ ስድቡ ፍትሐዊ መሆኑንና ምስሉ አዲስ መሆኑን ነው። ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ሁለቱን ፍርዶች አለመቀላቀል ነው። "ምሽቱን ማን ወሰደው?" የሚለው ጥያቄ የታዳሚው ነው፤ ይግባኝ የለውም። "ማን የተሻለ ገጠመ?" የሚለው ግን በማግሥቱ፣ ጆሮ ሲበርድ፣ ቀረጻው እንደገና ተሰምቶ የሚመለስ ነው።

ይህን ያህል የደከምኩበት ለራፕ ብቻ ብዬ እንዳልሆነ አንባቢ ሳይገነዘብ አይቀርም። በስደት ያለነው ሰዎች ብዙ ነገራችንን የምንወስነው በአዳራሽ ነው፤ በሆቴል፣ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ በማኅበረሰብ ማዕከል። ተናጋሪው "እኛ" ብሎ እጅ ያስነሳል፣ እጁን ያላነሳው ይታያል፣ ቀጥሎ የሚናገረው ሰው በሆታው ትርፍራፊ ውስጥ ድምፁ ይሰምጣል። አንድ ጊዜ የተጨበጨበለት የማሰቢያ ጊዜ ያገኛል፤ ያልተጨበጨበለት ይንተባተባል፤ ስለተንተባተበም የያዘው ነገር ውሸት ይመስላል። በራፕ መድረክ ይህ ሲሆን ቢያንስ ሁሉም ጨዋታ መሆኑን ያውቃል። እኛ ግን የጨዋታውን ሕግ ይዘን ፍርድ እንሰጥበታለን፤ በጀት እናጸድቅበታለን፣ መሪ እንመርጥበታለን፣ ሰው እናገልበታለን።

ከቅኔ ቤቱና ከሙግቱ የወረስነው አንድ ነገር ቢኖር አድማጩንና ዳኛውን መለየት ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ሰው ቤቱን ሲያናውጠው አብረን እናጨብጭብ፤ የሚያስጨበጭብ ከሆነ ይገባዋል። ድምፅ የምንሰጠው ግን ቢያንስ አንድ ሌሊት አድረን ቢሆን እመርጣለሁ። ልጆቻችንም ዓርብ ማታ የግጥሚያ ቪዲዮ ሲያዩ አጠገባቸው ተቀምጠን "አሁን የጮኹት ለምንድን ነው?" ብለን ብንጠይቃቸው፣ እኔ እንዳየሁት ከሆነ፣ መልሳቸው ከብዙ የስብሰባ መሪዎቻችን ማብራሪያ የጠራ ነው።